ወለል ላይ የሚቆም ስፒከር ከነሰብዉፈሩ ልሠራ ነው፤ እንጨት ከመቁረጤ በፊት እዩልኝ

ጎፋ_ኮንዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ወር ሙሉ ወረቀት ላይ ስስልና ስሰርዝ ቆይቼ አሁን እንጨት ልቆርጥ ነው። ከዚያ በፊት የእናንተ ዓይን እንዲያርፍበት ፈለግኩ፤ ኤም ዲ ኤፍ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።

ያለኝን ልንገራችሁ። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ባለ 10 ኢንች ሰብዉፈር (ለወፍራሙ ድምፅ) ሁለት፣ ባለ 6.5 ኢንች ሚድቤዝ (ለመካከለኛው) ሁለት፣ ባለ 1 ኢንች የጨርቅ ዶም ትዊተር (ለቀጭኑ) ሁለት ይዞልኝ መጣ። ሳሎኔ 4.2 በ3.3 ሜትር ነው፣ ጣሪያው 2.6። ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። የማዳምጠው ባብዛኛው የድሮ የባንድ ሙዚቃ፣ ክራር፣ በገና፣ አንዳንዴም ሬጌ ነው። የምፈልገው የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ሙሉ ሆኖ እንዲሰማኝ ነው። የጎረቤት መስኮት ማንቀጥቀጥ አልፈልግም።

ሳጥኑን እንዲህ አስቤዋለሁ። ቁመት 110 ሴንቲ፣ ስፋት 28፣ ጥልቀት 38። ሁሉም 18 ሚሊ ኤም ዲ ኤፍ፣ ፊቱ ብቻ ድርብ ሆኖ 36 ሚሊ። ላይኛው 30 ሴንቲ ትዊተሩና ሚዱ ለብቻቸው የሚቀመጡበት ዝግ ክፍል ነው። ከሥሩ ያለው 74 ሴንቲ ተኩል ገደማ የሰብዉፈሩ ነው። ስሌቴ ልክ ከሆነ የሰብዉፈሩ ክፍል 59 ሊትር ይወጣዋል። ማጠናከሪያው እንጨት፣ ስፒከሩ ራሱና የአምፕሊፋየሩ ቦታ የሚወስዱትን ስቀንስ 51 ሊትር ይቀረኛል። የሰብዉፈሩ ወረቀት ኤፍኤስ 27 ሄርዝ፣ ኪውቲኤስ 0.40፣ ቫስ 62 ሊትር ይላል።

አሁን የቸገረኝ፣ ዝግ ሳጥን ይሁን ወይስ አየር የሚያስወጣ ቱቦ ያለው? ሰብዉፈሩ ከፊት ይሁን ወይስ ከጎን? የሳሳ ቦታ ካያችሁም ሳትሳሱ ንገሩኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ወንድሜ፣ ሥራህ ደስ ይላል፤ ክፍፍሉም በደንብ የታሰበበት ነው። ግን አንድ ደረጃ ወደኋላ ልመልስህ። ሰብዉፈሩ ለምን እዚያው ሳጥን ውስጥ ገባ?

ትዊተርና ሚድ የሚቀመጡበት ቦታ የሚመረጠው ለጆሮ ነው። ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ብለው፣ ከአንተ ጋር ሦስት ማዕዘን ሠርተው መቆም አለባቸው። የቤዝ ቦታ ደግሞ የሚመረጠው ለክፍሉ ነው። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ አይገጥሙም። የአንተን ሳሎን እንየው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ያንን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ ለ8.4 ስታካፍለው 41 ሄርዝ ይመጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ሄርዝ ነው! ይህ ማለት ሶፋህ የኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ከሆነ ያ አንድ ኖታ ብቻ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ ይጮኻል፤ ክፍሉ መሃል ከተቀመጥክ ደግሞ ያው ኖታ ይጠፋብሃል። በስፋቱ 52፣ በጣሪያው 66 ሄርዝ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ።

የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ባልደረባ ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረበው ጥናት አራት ሰብዉፈሮች በአራቱ ግድግዳዎች መሃል መሃል ሲቀመጡ ቤዙ በየወንበሩ ተቀራራቢ እንደሚሆን አሳይቷል። አራት ግዛ እያልኩህ አይደለም። ሁለቱን ሰብዉፈር ለየብቻ ትንንሽ ሳጥን ብትሠራላቸው ግን እያንቀሳቀስክ ትሞክራለህ። 40 ኪሎ በሚሆን ማማ፣ ማለትም በረጅሙ ሳጥንህ ውስጥ ከቀበርካቸው ያ ዕድል አለቀ።

ጎፋ_ኮንዶ፦

ያልከው ልክ ነው፤ አስቤበትም ነበር። ችግሩ ሳሎኑ ነው። ሶፋው፣ ቡፌው፣ የቡና ረከቦቱ፣ የልጄ መጫወቻ ሁሉም እዚያው ነው። አራት ሳጥን ማስቀመጫ ወለል የለኝም። ሁለት ማማ ግን ቴሌቪዥኑን ግራና ቀኝ ይዘው ይቆማሉ፣ ማንንም አይገፉም። ሰብዉፈሩ ውስጥ ካልገባ እኔ ቤት ሰብዉፈር አይኖርም ማለት ነው። ስለዚህ ይግባና የሚያመጣውን ችግር እንዴት እንቀንስ ብለን ብንነጋገር ይሻለኛል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ከሆነ በቂ ምክንያት ነው። እንግዲያው ሁለት ነገር አደራ። ሰብዉፈሩ የራሱ አምፕሊፋየር ይኑረው፤ ደረጃውን፣ መዘግየቱንና ፊልተሩን በዲኤስፒ (ድምፁን በዲጂታል መንገድ በሚያስተካክል መሣሪያ) ለብቻው ማስተካከል መቻል አለብህ። ሁለተኛ፣ የመለኪያ ማይክ አግኝ። ያለ ማይክ የ41 ሄርዙን ጉብታ በጆሮ ብቻ ልትገራው አትችልም። ስቴሪዮ ሁለት ማማ መሆኑ ደግሞ ራሱ ጥቅም አለው፤ ሁለቱ በስፋቱ ግራና ቀኝ እኩል ርቀው ከቆሙና ቤዙ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ከተሰጠ የ52 ሄርዙን ሞድ (ክፍሉ ራሱ የሚያጎላውን ድምፅ) እርስ በርስ ያዳክሙታል።

የሞገድ_ልጅ፦

ሰላም። እኔ ሳጥኑ ስሌት ላይ ልግባ፤ እዚህ ላይ ማንም ያላነሳው ነገር አለ።

መጀመሪያ በወረቀቱ ቁጥር እንሂድ። የቲልና የስሞል ቁጥሮች የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ኔቪል ቲል አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 ጀመራቸው፣ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሰፋቸው። ኤፍኤስ ስፒከሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ ነው። ኪውቲኤስ ያ መርገብገብ ምን ያህል ፍሬን እንዳለው ይነግርሃል። ቫስ ደግሞ የኮኑን፣ ማለትም የሚርገበገበውን የስፒከሩን ፊት፣ ተንጠልጣይ ያህል የሚለጠጥ የአየር መጠን ነው፤ ማለትም የስፒከሩን ላስቲክነት በሊትር አየር መለካት።

ዝግ ሳጥን ላይ ቀመሩ ቀላል ነው። ቫስን ለሳጥኑ ሊትር አካፍል፣ አንድ ጨምር፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ በኪውቲኤስ አባዛ። 62 ለ51 ሲካፈል 1.22፣ አንድ ሲጨመር 2.22፣ ሩቱ 1.49። በ0.40 ሲባዛ 0.595። ይህ ኪውቲሲ ነው፤ ስፒከሩ ሳጥን ውስጥ ሲገባ የሚኖረው ኪው። 0.707 ቢሆን እስከመጨረሻው ጠፍጣፋ ይሆን ነበር፤ 0.6 አካባቢ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ የተሰበሰበ ቤዝ ነው። ለትንሽ ክፍል እኔ ይሄንን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ክፍሉ ራሱ ከታች ይጨምርልሃል።

አሁን ያላነሳነው ነገር። ጎፋ ነው ያለኸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ቫስ በቀጥታ የአየር ግፊትን ይከተላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 62 ሊትር የሚለው እዚህ 46.5 ሊትር ነው። ሳጥን ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ስፕሪንግ ነው የሚሠራው፤ እዚህ ስፕሪንጉ ሩብ ያህል ልል ነው። ያንኑ 0.595 ለማግኘት እዚህ የሚያስፈልግህ 38 ሊትር ነው፣ 51 አይደለም። 38ን ወደ 40 ብናጠጋጋ የሳጥንህ ጥልቀት ከ38 ወደ 32 ሴንቲ ይወርዳል። ስድስት ሴንቲ ለጠባብ ሳሎን ትንሽ ነገር አይደለም።

ኪሳራም አለው። አየሩ የሳሳ ስለሆነ ኮኑ ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስም የሚፈጥረው ግፊት ሁለት ዴሲቤል ተኩል ገደማ ያንሳል። ማካካስ ከፈለግክ ኮኑ በሲሶ የበለጠ መንቀሳቀስ አለበት። ለዚህ ነው እዚህ አገር ሰብዉፈር ስትመርጥ ኮኑ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድበትን ርቀት መጀመሪያ ተመልከት የምለው።

ሬጌ_ምሽት፦

እህቴ፣ እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። የድምፅ ፍጥነት በከፍታ አይቀየርም፣ የሚቀየረው በሙቀት ነው ብለው ነበር ያስተማሩን። ታዲያ ሳጥኑ ለምን ይቀየራል?

የሞገድ_ልጅ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለታችንም ልክ ነን። ፍጥነቱ አይቀየርም፣ ምክንያቱም ግፊቱና ክብደቱ አብረው ስለሚቀንሱ ይጣጣላሉ። ስለዚህ በፍጥነት ብቻ የሚወሰን ነገር ሁሉ እንዳለ ይቆያል። የቱቦ ማስተካከያ ድግግሞሽ አይቀየርም። የክፍሉ 41 ሄርዝም ያው 41 ነው። ዝግ ሳጥን ላይ ግን ትግሉ በሁለት የተለያዩ ነገሮች መሃል ነው፤ በአየሩ ስፕሪንግና በኮኑ ክብደት። የኮኑ ክብደት ወረቀትና መዳብ ነው፣ እሱ አዲስ አበባ ስለመጣ አይቀልም። አየሩ ብቻ ላላ።

ቁጥሩን ራሳችሁ የምትለኩ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኮኑ ላይ ሳንቲም ለጥፎ ቫስን የሚያሰላው ዘዴ ውስጥ ሶፍትዌሩ የባሕር ጠለልን አየር ቁጥር ይጠቀማል። ውጤቱ የአዲስ አበባ አይሆንም። ልኩ የታወቀ ሳጥን ላይ ገጥማችሁ የምትለኩት ግን እውነተኛውን የአካባቢያችሁን ቫስ ይሰጣችኋል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምጠቀመው።

ጎፋ_ኮንዶ፦

ይሄንን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥሽ። ቱቦውን በተመለከተስ? ልቤ ወደዚያ ያደላል፤ ዝቅ ብሎ ይወርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የሞገድ_ልጅ፦

ይወርዳል፣ እውነት ነው። የአንተ ስፒከር 0.40 ስለሆነ ለቱቦም ይመቻል። 51 ሊትር ላይ 28 ሄርዝ ብታስተካክለው እስከ 28፣ 29 ድረስ ይዘልቃል፤ ዝጉ ከ50 አካባቢ ጀምሮ መውረድ ሲጀምር ማለት ነው።

ግን ቱቦውን አስላው። የፍሳሽ ፒ ቪ ሲ፣ 110 የሚባለው፣ የውስጥ ስፋቱ 10.4 ሴንቲ ቢሆን ርዝመቱ 56 ሴንቲ ይፈልጋል። ሳጥኑ ውስጥ አምስት ሊትር ይበላብሃል፤ ጫፉም ከግድግዳ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል መራቅ አለበት። 75ቱን፣ የውስጡ 7 ሴንቲ የሆነውን ብትወስድ 24 ሴንቲ ይበቃሃል፤ ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ከፍ ስታደርገው አየሩ እንደ ፉጨት ይነፍሳል። ሌላም አለ። ከ28 ሄርዝ በታች ኮኑን የሚይዘው ነገር የለም፣ ያለ ፊልተር ከተለቀቀ ይዘልላል።

አሁን ደግሞ የሚያስፈልግህን ጠይቅ። ኮኑ በአንድ ወገን 9 ሚሊ የሚሄድ ከሆነ አንድ ባለ 10 ኢንች በዝግ ሳጥን፣ በአዲስ አበባ አየር፣ 30 ሄርዝ ላይ በ1 ሜትር ርቀት 95 ዴሲቤል ያወጣል። ሁለት ሲሆኑ 101። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ዝግ አድርገውና ጎዶሎውን በዲኤስፒ ሙላው። ከ40 ወደ 28 ለማውረድ 6 ዴሲቤል መጨመር ነው፣ ማለትም አራት እጥፍ ዋት። አምፕሊፋየርህ 200 ዋት ከሆነ በምትሰማበት መጠን አይቸገርም።

ሽቱትጋርት፦

ዝግ አድርገው ለሚለው ድምፄን ልስጥ፤ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ማማዬን ስሠራ ቤዙ እንዲበዛ ብዬ ውስጡን ከላይ እስከታች አንድ ባዶ ክፍል አደረግኩት። ዉፈሩ አናቱ አካባቢ፣ ቱቦው ከታች ከኋላ። የውስጡ ቁመት 115 ሴንቲ ነበር። ሙዚቃ ስከፍት ቤዙ ጥሩ ነው፣ ግን ወንድ ሲዘፍን ድምፁ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ክሮስኦቨሩን (ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን) ቀየርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ አምፕሊፋየር ተዋስኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ስድስት ወር አሰቃየኝ። በመጨረሻ ማይኩን ቱቦው አፍ ላይ አስጠግቼ ስለካ 149 ሄርዝ ላይ ትልቅ ጉብታ አገኘሁ። 343ን ለ2.3 አካፍሉት፣ ያው ነው። ሳጥኑ ራሱ እንደ እምቢልታ እየተነፋ ነበር።

አንተ ክፍሉን ለሁለት ስለከፈልከው የሰብዉፈርህ ቁመት 74 ሴንቲ ተኩል ነው፤ የሱ ሞድ 230 ሄርዝ ላይ ይመጣል። ሰብዉፈሩን 90 ሄርዝ ላይ በ24 ዴሲቤል ከቆረጥከው እዚያ አይደርስም። መሃሉ ላይ ደግሞ የትራስ ፋይበር ብትሞላበት ይለሰልሳል። ከጎን መግጠሙንም አትፍራ፤ 90 ሄርዝ ሞገዱ 3.8 ሜትር ስለሆነ ስፒከሩ ወዴት እንደዞረ ጆሮ አይለየውም። ከ120 በላይ ካወጣኸው ግን ቤዙ ከጎን እንደሚመጣ ይታወቅሃል።

አንድ አማራጭ ልጨምር። አንድ ባለ 10 ከጎን ሲመታ ማማውን ይገፋዋል፤ ቁመቱ ረጅም፣ እግሩ ጠባብ ስለሆነ ይወዛወዛል። ሁለት ባለ 8 ኢንች ግራና ቀኝ ጀርባ ለጀርባ ብትገጥም ግፊቱ ይጣጣላል፣ ሳጥኑ ላይ ብርጭቆ ውኃ ብታስቀምጥ አይንቀጠቀጥም። የኮን ስፋታቸውም ከአንድ ባለ 10 ይበልጣል። ችግሩ ስፋትህ 28 ሴንቲ ነው፤ የእያንዳንዱ ጥልቀት ከ12 ሴንቲ ካለፈ ማግኔቶቹ ተጠጋግተው የኋላ ቀዳዳቸው አይተነፍስም።

ጎፋ_ኮንዶ፦

ባለ 10ሮቹ እጄ ላይ ስላሉ በነሱ እገፋበታለሁ። ግን መወዛወዙን አላሰብኩትም ነበር። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የምታገኘውን ሁሉ ትይዛለች። መሠረቱን ማስፋት አለብኝ ማለት ነው።

አናጢው_ከአቃቂ፦

ልጄ፣ ስለ ድምፁ እነሱ ይንገሩህ። እኔ ስለ እንጨቱ ልንገርህ። ሠላሳ ዓመት ቁም ሳጥንና በር ሠርቻለሁ፤ ስፒከር ሳጥንም የሠራሁት ትንሽ አይደለም።

ኤም ዲ ኤፉን ሉሁን ስትገዛ ጠርዙን እይ። መሃሉ ለስለስ ያለና ዱቄት የሚመስል ከሆነ ተወው፤ ጠርዙ ጥቅጥቅ ያለና አንድ ዓይነት መሆን አለበት። 18 ሚሊው ሙሉ ሉህ፣ 2.44 በ1.22 ሜትር የሆነው፣ 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲቀልህ ጠርጥር። አንተ በነገርከን ልክ ሁለት ሉህ ይበቃሃል፣ ይተርፍሃልም። የሚቆረጠውን ሁሉ በትልቁ መጋዝ አንድ ቀን፣ በአንድ ልክ አስቆርጥ። ሁለቱ ጎኖች አንድ ሚሊ ከተለያዩ ሳጥኑ ይጣመማል፣ አየርም ያሾልካል። እኔ እንደማደርገው ጎኖቹን አራቱንም አንድ ላይ አስደግፈህ መጋዙን ሳትነካካ ቁረጥ። አፍንጫህንና አፍህን ሸፍን፤ ያ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ማጠናከሪያው ላይ ነው። ከላይ እስከታች እኩል እኩል ከፍሎ ያስቀምጣል። እኩል ከከፈልከው ቁራጮቹ ሁሉ አንድ ድምፅ ያወጣሉ፣ ይረዳዳሉ። አንዱን ሲሶ አካባቢ፣ ሌላውን ትንሽ ዝቅ አድርገህ ዘርዘር አድርገው። መሃላቸውን ቦርቡረህ አየር እንዲያልፍ አድርግ፣ እንደ መስኮት። ሰብዉፈሩ የሚገጠምበት ጎን ቀዳዳው ከተቆረጠ በኋላ ይደክማል፤ ከቀዳዳው አጠገብ አንድ ማጠናከሪያ ማግኔቱን እስኪነካ ድረስ አስጠጋለት።

ኮላውን አትሳሳበት። ሁለቱንም ፊት ቀባው፣ የተቆረጠው ጠርዝ ይመጥጣል፣ አንዴ ቀብተህ ጠብቀህ ድገመው። ሞርሳ ከሌለህ ተከራይ፣ ብሎን ብቻውን አይበቃም። ሌሊቱን ይደር። ስፒከሩን የምታስርበት ግን የእንጨት ብሎን ይሁን እንዳትል፤ ኤም ዲ ኤፍ ሁለቴ ሦስቴ ከተፈታ ጥርሱ ያልቃል። ከኋላ ቲ-ነት (እንጨቱ ውስጥ የሚመታ የብረት ዳዶ) ምታበትና በማሽን ብሎን እሰረው።

ዋንዛ ወዳጅ እንደሆንክ ከፎቶህ ጀርባ ያለው ቡፌ ይነግረኛል። ከበሮውም በገናውም ከሱ ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን ከበሮ እንዲጮህ ነው የሚፈለገው፤ ይሄ ሳጥን ዝም እንዲል ነው የሚፈለገው። ዋንዛውን ለላይኛው ሽፋን አድርገው፣ ስስ አድርገህ ለጥፈው። ወፍራም ጣውላ ከኤም ዲ ኤፍ ጋር በኮላ ካጣበቅከው በበጋው ደርቆ ይሰነጥቅሃል።

ጎፋ_ኮንዶ፦

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክልኝ። ከበሮው እንዲጮህ ሳጥኑ ዝም እንዲል ያሉትን መቼም አልረሳውም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ በስፒከሩና በእንጨቱ መሃል ምን ላድርግ? አየር እንዳያሾልክ ሲሊኮን ልቀባ አስቤ ነበር።

አናጢው_ከአቃቂ፦

ሲሊኮን ውስጡን መገጣጠሚያ ላይ፣ ጥጉ ላይ ቀባው፣ ጥሩ ነው። ስፒከሩ ሥር ግን አታድርገው፤ አንድ ቀን መፍታት ትፈልጋለህ። ለበር ጠርዝ የሚለጠፈውን ስፖንጅ ቴፕ ዙሪያውን አድርግለት፣ ይበቃል። መዝጋቱን ለማወቅ ደግሞ ኮኑን በጣቶችህ እኩል ቀስ ብለህ ግፋና ልቀቀው። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ዝግ ነው፣ ወዲያው ፈጥኖ ከተመለሰ የሚያሾልክ ቦታ አለ።

ሪያድ_ኤሌክትሪክ፦

እኔ የኤሌክትሪክ ነገር ልበል፣ ሥራዬ ነው። ጀርባው ላይ የሚገጠም ፕሌት አምፕሊፋየር ካሰብክ ለሱ የተለየ የታሸገ ጓዳ ሥራለት። ሰብዉፈሩ ክፍል ውስጥ ክፍት አድርገህ ከሰቀልከው የሱ ግፊት ሰርኪዩቱን ቀን ከሌት ይመታዋል። ሽቦ ይላቀቃል፣ ካፓሲተር ከቦርዱ ይነቀላል። በዳሩ አየር ሲያሾልክም ይፏጫል።

የአገራችን ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ መሬት ሽቦ ወይ የለም ወይ አልተገናኘም። ሁለት አምፕሊፋየር በሁለት ሶኬት ሰክተህ ከአንድ ምንጭ ስታገናኛቸው 50 ሄርዝ እምምም የሚል ድምፅ ይጀምራል። ሰብዉፈር ደግሞ በትክክል ያንን ድምፅ ጎላ አድርጎ የሚያወጣ ነገር ነው። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ስካቸው። የመሬቱን ሽቦ ቆርጦ መጣል መፍትሔ የሚመስለው አለ፤ እባክህ አታድርገው፣ ሰው ይገድላል። ይልቅ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ መሬቱን አስተካክል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት የሚቋቋም መከላከያም ይኑርህ።

የሞገድ_ልጅ፦

እኔ ደግሞ ስለ ሚዱና ትዊተሩ ልጨምር። ፊቱ 28 ሴንቲ ስለሆነ ከ410 ሄርዝ አካባቢ በታች ድምፁ ወደኋላም መዞር ይጀምራል፤ 115ን ለስፋቱ በሜትር ማካፈል ነው። እስከ 6 ዴሲቤል ልዩነት ያመጣል፣ ሚዱን የሳሳ ያስመስለዋል። በዲኤስፒ ከሄድክ በቀላሉ ታስተካክለዋለህ። ሚዱና ትዊተሩን ደግሞ በተቻለህ መጠን አቀራርባቸው፣ ከመሃል እስከ መሃል 15 ሴንቲ እንዳያልፍ። 2,200 ሄርዝ ላይ ብታገናኛቸው ሞገዱ 15.6 ሴንቲ ነውና።

ላምበረት_4ኛ፦

እኔ ከሌላው ወገን ልናገር። እኔ ከታች የምኖር ጎረቤት ነኝ፤ ከላይ ሰብዉፈር ያለው ቤት አለ። ሙዚቃው አይሰማኝም፣ ዱም ዱም ብቻ ነው። ልጅ ሲተኛ በጣም ይከብዳል። ወንድሜ፣ ልብህ ጥሩ እንደሆነ ከጽሑፍህ ይታያል። እባክህ ከሥሩ ያሉትን አስብ።

ጎፋ_ኮንዶ፦

እህቴ ይሁን ወንድሜ፣ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። ከሥር ያሉት አንዲት እናት ናቸው። ሳልጀምር ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። እግሩ ሥር ወፍራም ጎማ አደርጋለሁ፤ የሌሊት ደግሞ ከ50 በታች ያለውን የሚቀንስ ሌላ ቅንብር ዲኤስፒው ላይ አስቀምጣለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ጎማው የሳጥኑን ንዝረት ከሴራሚኩ ይለያል፣ ጥሩ ነው። በአየር የሚሄደውን ቤዝ ግን ጎማ አያስቆመውም፤ የሌሊት ቅንብሩ ነው ዋናው። እሱን አትተው።

ጎፋ_ኮንዶ፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ፦

ተመለስኩ። አለቀ!

ጥልቀቱን 32 ሴንቲ አደረግኩት፤ የሰብዉፈሩ ክፍል ተጣርቶ 40 ሊትር ወጣ። ፋይበሩን ሳልሞላ በፊት ኢምፒዳንሱን (የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን) በድምፅ ካርድና በአንዲት ሬዚስተር ለካሁት። በወረቀቱ ቫስ ቢሆን ስፒከሩ ሳጥኑ ውስጥ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ 43 ሄርዝ ላይ መውጣት ነበረበት። እኔ ያገኘሁት 39.5 ነው። የሞገድ ልጅ፣ በ46.5 ሊትር ሳሰላው 39.7 ነው የሚለኝ! ቁጥሩን ሳየው ባለቤቴን ከኩሽና ጠርቼ አሳየኋት።

ጋሼ፣ ያሉትን ሁሉ አደረግኩ። አንደኛው ሳጥን ላይ የኮኑ ሙከራ ፈጥኖ ተመለሰብኝ፤ ፈልጌ ፈልጌ የገመዱ ማስገቢያ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። ሲሊኮን ሞላሁት። አንዱ ማማ 43 ኪሎ መዘነ። መሠረቱን 40 በ44 ሴንቲ አሰፋሁት፣ ልጄ ተንጠልጥላ ሞከረችው፣ ንቅንቅ አላለም።

ክፍሉ እንደተባለው ነው። ሶፋው ላይ ማይኩን አስቀምጬ ስለካ 41 ሄርዝ ላይ 9 ዴሲቤል ጉብታ ነበረ። በዲኤስፒ ቀነስኩት። ሶፋውን ከግድግዳው 35 ሴንቲ ወደፊት ሳመጣው ደግሞ ራሱ ሦስት ዴሲቤል ወረደ፣ ስለዚህ ቅነሳውን ወደ ስድስት መለስኩት። 52 ላይ ምንም አልታየኝም፤ ሁለቱ ማማዎች እርስ በርስ ያዳክሙታል ያልከው ሆኗል ማለት ነው። 66 ላይ ጎድጓዳ አለ፤ ልሞላው ብሞክር ኮኑ ብቻ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፁ አልጨመረም፣ ተውኩት።

ትናንት ማታ በገና ከፈትኩ። እያንዳንዱ ክር ሲመታ ቆዳው ሲንዘረዘር ለየብቻው ይሰማል። አባቴ አጠገቤ ነበሩ። ምንም አላሉም፣ እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ሰሙት። ከሥር ያሉት እናት ዛሬ ጠዋት ደረጃ ላይ አገኘኋቸው፤ ምንም አልሰማሁም ልጄ፣ ሠራኸው እንዴ ብለው ጠየቁኝ።

አናጢው_ከአቃቂ፦

ጎሽ። ዋንዛውንስ ለጠፍከው?

ጎፋ_ኮንዶ፦

ገና ነው ጋሼ። ኤም ዲ ኤፉን ስቱኮ አድርጌ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ። ቅዳሜ ስሱን ዋንዛ ላመጣ ነው፤ የእንጨቱ መስመር ወደላይ ይሁን ወይስ ወደጎን እያልኩ እያሰብኩ ነው።

አናጢው_ከአቃቂ፦

ወደላይ። ከአንድ ግንድ የወጣውን ለሁለቱም ማማ ተካፍለህ ለጥፍ፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ ወንድማማች ይመስላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና አብረን እንመርጠዋለን።